መቼ ልመርመር?
(ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራና ስለ ሰዓቱ፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ የሳይንስ ትምህርት)

ባለፈው ስለ ነጭ የደም ሴሎች ሥራ በተማርንበት ሳምንት ከጥያቄ ሣጥኑ ውስጥ ስም ያልተጻፈባት አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «ቲቸር፣ ሰው ኤች አይ ቪ ይዞኝ ይሆናል ብሎ ቢጠረጥር መቼ ነው መመርመር ያለበት? አንዳንዱ ቶሎ ሂድ ይላል፤ አንዳንዱ ሦስት ወር ሳይሞላ አይታይም፣ ቆይ ይላል» ትላለች። ጥያቄዋ አጭር ናት። ቶሎ ሂድ የሚለውም ቆይ የሚለውም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ግማሽ እውነት እንዴት እንደሚጎዳ ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ከምጽፈው የአንድ ልጅ ነገር ታዩታላችሁ። የምጽፈው ራሱን ልጁን አስፈቅጄ ነው፤ ስሙንና ብሎኩን ትቻለሁ። እናንተም ማን ይሆን እያላችሁ አትፈልጉት።

ልጁ የ17 ዓመት ወጣት ነው። ከትምህርት በኋላ እዚህ ካኩማ ገበያ ውስጥ አንዲት መድኃኒት መሸጫ ይሠራል፤ ይጠርጋል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ቆሻሻ ያወጣል። በዚያች ሱቅ መርፌም ይወጋል። (ሱቅ ውስጥ መርፌ መወጋት አልነበረበትም፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።) አንድ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የቆሻሻውን ፌስታል ብድግ ሲያደርግ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሰው የተወጋበት መርፌ ፌስታሉን በስቶ አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። ጣቱ ደማ። ልጁ ጨምቆ ጨምቆ ደሙን አወጣ፣ በረኪና አፈሰሰበት፣ በጨርቅ አሰረውና ዝም አለ። ለባለ ሱቁ ቢናገር ሥራውን የሚያጣ መሰለው። ከዚያች ሥራ የሚያገኛት ገንዘብ የእናቱ የከሰል መግዣ ናት።

ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ብቻውን ሄዶ ደሙን ተመረመረ። መርፌው ከወጋው 40 ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው። ሲስተሯ «ለመመርመር ያሰብከው ለምንድን ነው? በቅርቡ ያጋጠመህ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። «የለም፣ እንዲሁ ራሴን ለማወቅ ነው» አላት። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆነ፤ እየዘለለ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ከክፍል በኋላ ወደ እኔ መጣና የመርፌውን ነገር ነገረኝ። «ግን ችግር የለም ቲቸር፣ ተመርምሬያለሁ፣ ነፃ ነኝ» አለኝ። ምን ልበለው? የዚያን ዕለቱ ምርመራ ስለ መርፌው ምንም አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም ነበር። ተመርምሮ በወጣበት በዚያው ክሊኒክ ግን ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል ኪኒን በቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። «ሰኞ ማታ መርፌ ወጋኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኪኒኑ በዚያው ሰዓት ይሰጠው ነበር። ወደ እኔ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ልጁ ቶሎ ሄዷል፤ ቶሎ መሄዱ ግን አልጠቀመውም።

በዚህ ነገር እኔም ጥፋት አለብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቫይረሱ አስተምሬዋለሁ፤ የመተላለፊያ መንገዶቹን ጠይቁት፣ በቃሉ ይወጣቸዋል። ስለ ሰዓቱ ግን አንድም ቀን አስተምሬው አላውቅም። ይህን ገጽ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ምርመራው የሚያየው ምንድን ነው?

ኤች አይ ቪ ወደ ሰውነት ሲገባ በተለይ የሚያጠቃው ሲዲ ፎር የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። በውስጣቸው ይራባል፤ ይገድላቸዋል። ሰውነት ደግሞ እንግዳ መግባቱን ሲያውቅ የሚዋጋበት መሣሪያ መሥራት ይጀምራል። በእንግሊዝኛው መጽሐፋችሁ አንቲቦዲ ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው። ከጣት ጫፍ ደም ወስደው በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚሰጡበት ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ይህን አንቲቦዲ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ሌባ በሌሊት ግቢ ገባ እንበል። ዘበኛው እስኪነቃ፣ ነቅቶም እስኪጮኽ ጊዜ ያልፋል። ምርመራው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጩኸት የሚያዳምጥ ሰው ነው። ጩኸት ካልሰማ «ሰላም ነው» ይላል። ሌባው ግን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ዘበኛው የሚጮኸው መቼ ነው? በጣት ደም የሚደረገው የአንቲቦዲ ምርመራ ቫይረሱን ለማሳወቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ከክንድ ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ከአንቲቦዲው ሌላ የቫይረሱን የራሱን ቁራጭ አብሮ የሚፈልግ ምርመራ አለ፤ እሱ ከ18 እስከ 45 ቀን ይበቃዋል። የቫይረሱን ዘር በቀጥታ የሚፈልገው፣ ውድ የሆነውና በየቦታው የማይገኘው ምርመራ እንኳ ከ10 እስከ 33 ቀን ይፈልጋል። በማግስቱ የሚያሳይ ምርመራ በዓለም ላይ የለም። ሰውየው ቫይረሱ ገብቶበት ምርመራው ግን ገና ሊያገኘው የማይችልበት ጊዜ የመስኮት ወቅት ይባላል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ መስኮት የሚባለው የሚያሳይ ነገር ነውና። ይኼኛው መስኮት መጋረጃው እንደ ተዘጋ ነው።

በመስኮቱ ወቅት ያለ ሰው ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነት መከላከያ ገና ስላልተነሣ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት እጅግ ከፍተኛ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንዱ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ወይም የንፍፊት ማበጥ ያገኘዋል። እዚህ እኛ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን ገዝቶ ይውጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሻለዋል፤ ይረሳዋል። ሌላው ሰው ደግሞ ምንም ምልክት አይታይበትም። ስለዚህ ምልክት እያዩ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ታዲያ በማግስቱ የምንሄደው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ብጣሿ ወረቀት እንመለስ። ምርመራው በማግስቱ ካላሳየ «ቆይ» ያለው ሰው ትክክል አይደለም ወይ? አይደለም። ስለ ምርመራው ልክ ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ግን ተሳስቷል። በማግስቱ፣ ከተቻለም በዚያው ሰዓት፣ የምንሄደው ስለ አደጋው ለመናገርና መከላከያውን ለመጀመር ነው።

መከላከያው በአጭር ስሙ ፔፕ ይባላል። ለሕክምና የሚያገለግሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ራሳቸው ናቸው፤ ባሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉት ሦስቱ ተቀናጅተው ይሰጣሉ። ቫይረሱ በገባበት ቦታ ካሉት ሴሎች ተነሥቶ በመላው ሰውነት ለመሠራጨት የተወሰኑ ቀናት ያስፈልጉታል። መድኃኒቱ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ከደረሰ መራባቱን ይከለክለዋል። አያቶቻችን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት ዓይነት ነው። የመጨረሻው ገደብ 72 ሰዓት ወይም ሦስት ቀን ነው። ይህ ግን ጊዜ አለኝ ለማለት የተሰጠ ቁጥር አይደለም። በሁለተኛው ሰዓት የተዋጠ ኪኒን በሰባኛው ሰዓት ከተዋጠው በጣም ይበልጣል። ከ72 ሰዓት በኋላ ፔፕ መጀመር እንደሚጠቅም ስለማይታመን ብዙውን ጊዜ አይሰጥም።

ኪኒኑ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ሳይዘለል፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት አሥረኛው ቀን ላይ ያቆሙ ሰዎች አሉ፤ ከማቆም ሄዶ ለነርሷ መናገር ይሻላል። ለጓደኛ ማካፈል፣ ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ፣ ግማሹን መዋጥ መድኃኒቱን ዋጋ ያሳጣዋል። ጾመኛ የሆናችሁ፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ የምትውጡበትን ሰዓት ከነርሷ ጋር ተመካክራችሁ ከሰሓሪ ወይም ከምሽት ምግብ ጋር ማድረግ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው።

በዚያው ቀን የደም ምርመራም ይደረግላችኋል። ሲስተሯ ይህን የምታደርገው ከአደጋው በፊት እንዴት እንደነበራችሁ ለማወቅ ነው። ቀድሞ ቫይረሱ ያለበት ሰው የ28 ቀን መከላከያ ሳይሆን ዘላቂ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። እንግዲህ የልጁ የረቡዕ ውጤት ምን ማለት እንደነበረ አሁን ገባችሁ፤ ስለ ሰኞው መርፌ ሳይሆን ከሰኞ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው የነገረው። መርፌው የተወጋበት ሰው እስኪገኝና ደሙ እስኪመረመር ተብሎም የመጀመሪያው ኪኒን አይዘገይም፤ ሰውየው ነፃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ማቆም ይቻላል።

ለነርሷ የምትነግሯት ነገር ሦስት ነው፦ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የማን ደም ወይም ፈሳሽ እንደነበረ የምታውቁ ከሆነ እሱን። ይህን ለመናገር አፍ የሚይዝ ሰው በወረቀት ጽፎ ይስጣት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ደብቆ የሄደው ልጅ ደብቆ ተመልሷል።

አደጋ የሚባለው የትኛው ነው?

የተጠቀሙበት መርፌ ሲወጋ፣ የሌላ ሰው ደም ቁስል ውስጥ ወይም ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ያለ ኮንዶም የተደረገ ወይም ኮንዶም የተቀደደበት ግንኙነት፣ አስገድዶ መድፈር። አንድ ሰው ፀጉሩን በተላጨበት ምላጭ ወዲያው ሌላው ሲቆረጥም ሄዶ መናገር ይገባል፤ መድኃኒት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ባለሙያው ይወስናል። በአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ፣ መሳሳም፣ ሽንት ቤት፣ የወባ ትንኝ አያስተላልፉም። ይህን ብዙ ጊዜ ስለተማርነው አልደግመውም። ወላጆች ግን አሁንም ስለ ጉርሻ ይጠይቁኛል።

መርፌ ቢወጋችሁ ቦታውን በሚወርድ ውኃና በሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በረኪና ወይም አልኮል አታፍስሱበት፤ ሥጋውን ከማቃጠል በቀር ጥቅም የላቸውም። ደም ወደ ዓይን ቢረጭ ዓይንን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ከዚያ ወደ ክሊኒክ። መርፌ ጉበት የሚያጠቁ ቫይረሶችንም ስለሚያስተላልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ ለሚባለው ደግሞ ክትባት ስላለ፣ እሱንም ጠይቁ።

ቫይረሱ ባለበት ሰው የተጠቀሙበት መርፌ የወጋው ሰው መድኃኒት ሳይወስድ የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ያህል ነው። ለልጁ ይህን ቁጥር ነግሬው ነበር። በሒሳብ ትንሽ ነው። ሌሊት ላይ ግን ትንሽ አይደለም፤ የሚቆጥረው ከሦስቱ አንዱ እኔ ብሆንስ እያለ ነው።

ለእናቶችና ለአባቶች

ይህን ክፍል ለወላጆች እንድታነቡላቸው እለምናችኋለሁ፤ አማርኛ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

ሴት ልጅ እንጨት ለቀማ ወጥታ ወይም በመንገድ ወይም በገዛ ጎረቤቷ ስትደፈር በቤተሰብ ውስጥ የሚሆነውን እናውቃለን። መጀመሪያ ለቅሶ ነው። ቀጥሎ «ማንም እንዳይሰማ» ነው። ቀጥሎ የአጥፊው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቡና ተፈልቶላቸው ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ለቅዳሜ ይቀጠራል። ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በዚህ ካምፕ ብዙ ደም ያስቀረ ነገር ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ለቅዳሜ ሲቀጥር 72 ሰዓቱ ሐሙስ ያልቃል። ሽምግልናው ሳምንት መቆየት ይችላል፤ ኪኒኑ አይችልም።

ስለዚህ ልጅቷን መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ባትታጠብና የለበሰችውን ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ብታመጣው ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ታጥባም ከሆነ ግን «አልፏል» ብላችሁ አትቅሩ፤ ሕክምናው እሱን አይጠብቅም። የፖሊስ ወረቀትም አይጠብቅም፤ ወረቀቱ ከሕክምናው በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከፔፑ ሌላ እርግዝና የሚከላከል ኪኒን ይሰጣታል፤ እሱም ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ እስከ 5 ቀን ድረስ ግን ሊሰጥ ይችላል። ሌሎች በግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎችም ይታከማሉ። ወንዶች ልጆችም ይደፈራሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሴቶቹም በላይ ዝም ይላሉ። በመንገድ ላይ እያላችሁ ልጁን ወይም ልጅቷን «ለምን እዚያ ሄድክ፣ ለምን እዚያ ሄድሽ» አትበሉ። የዚያን ቀን የሚፈለግባችሁ እጃቸውን ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

«ተመርምሬ ባውቀው ምን ላተርፍ? ከመሞቴ በፊት በሐሳብ እሞታለሁ እንጂ» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ ሞኝ አልላቸውም። ይህን አባባል የተማሩት አባባሉ እውነት በነበረበት ዘመን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ1981 ነው። ቫይረሱን በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኝዬና ባልደረቦቻቸው በ1983 አገኙት፤ ሁለቱ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የደም ምርመራው በአሜሪካ የተፈቀደው በ1985 ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ኤ ዜድ ቲ የሚባለው የመጀመሪያው መድኃኒት በ1987 ወጣ፤ ብቻውን ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚረዳው። ሦስት መድኃኒት አቀናጅቶ መስጠት ሰውን እንደሚያድን በ1996 ታወቀ። ዋጋው ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ይህ ካምፕ በ1992 ተከፍቶ ወላጆቻችሁ ጎጆ ሲቀልሱ ሀብታም አገር መድኃኒት እየሠራ ነበር፤ ለእነሱ ግን ምርመራው የሚሰጣቸው ወሬ ብቻ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለ የሕንድ መድኃኒት ፋብሪካ የሦስቱን ቅንጅት በዓመት በ350 ዶላር እሰጣለሁ ሲል ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። የልጆቹ እናቶች በሐዘን ቤት የሚያስታውሷቸው ብዙዎቹ ሰዎች የሞቱት ከዚያ በፊት ነው።

ሌላው ፍርሃት የሪሴትልመንት ነው። «ደሜ ውስጥ ከተገኘ ኬሴ ይዘጋል» ይባላል። ይህም ከአየር ላይ የመጣ ወሬ አይደለም። አሜሪካ ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ ያለበትን የውጭ አገር ሰው አላስገባም ትል ነበር። ያ ደንብ ግን ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ተነሥቷል። ዛሬም በሻይ ቤቱ የሚወራው አሮጌው ደንብ ነው። በኬንያ ደግሞ በ2006 የወጣው የኤች አይ ቪና ኤድስ ሕግ ሰውን ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት መግቢያ፣ ለጋብቻ ወይም ከአገር ለመውጣት ቅድመ ሁኔታ አድርጎ አስገድዶ መመርመርን ይከለክላል፤ የአንድን ሰው ውጤት ያለ ፈቃዱ ማውራትንም ይከለክላል። ለሪሴትልመንት የሚደረገው የሕክምና ምርመራ ራሱን የቻለ ነው፤ በክሊኒክ በግላችሁ የምታደርጉት ምርመራ ሌላ ነው።

ጋብቻን ካነሣን አይቀር፣ ሙሽሮች በፈቃዳቸው መመርመራቸውን እደግፋለሁ። ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት በአንድ ምርመራ «ነፃ ነን» ብሎ ማጨብጨብ ግን ከላይ ስለ መስኮቱ የተማርነውን መርሳት ነው። አንድ ጊዜ ተመርምሮ፣ ራስን ጠብቆ፣ ከሦስት ወር በኋላ መድገም ነው።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ?

በአንድ ምርመራ ብቻ «አለብህ» አይባልም። መጀመሪያው ካሳየ በሌላ ዓይነት መሣሪያ ይደገማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ በሦስት የተለያዩ ምርመራዎች እንዲረጋገጥ ይመክራል። ከተረጋገጠ ሕክምናው በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀመራል። ድሮ ሲዲ ፎሩ እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር። በ2015 ውጤቱ የወጣ፣ በ35 አገሮች 4,685 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሳይቆዩ የጀመሩት ለከባድ ሕመምና ለሞት ያላቸው ዕድል ከቆዩት በግማሽ የሚያንስ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ሳይጠብቅ ይጀምር አለ።

መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። እናት ሕክምና ካላገኘች በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ ከ15 እስከ 45 ነው፤ ሕክምና ካገኘች ከመቶ ከ5 በታች ይሆናል። የሕፃኑ ምርመራ ግን ከአዋቂው ይለያል። የእናቱ አንቲቦዲ እስከ 18 ወር ድረስ በልጁ ደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ፈጣኑ ምርመራ ያሳስታል፤ ስለዚህ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል። ከወለዱ በኋላ ቀጠሮ የሚያልፉ እናቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ጸበል ለመጠመቅ የሚሄዱ አሉ፤ ይሂዱ። ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ።

የልጁ ነገር እንዴት ሆነ?

በዚያው ረቡዕ አብረን ሄድን። ሲስተሯ አልተቆጣችውም፤ እኔ ትቆጣዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ካርዱን አወጣችና የሰኞውን ቀን ጻፈችበት፤ ከዚያ ተነሥታ በጣቷ እየቆጠረች 6ኛውን ሳምንትና 3ኛውን ወር ምልክት አደረገችባቸው። እስከዚያ ደም እንዳይለግስ፣ ግንኙነት ካለው ያለ ኮንዶም እንዳያደርግ ነገረችው። ፊቱ ቀላ፤ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በእነዚያ ሳምንታት የክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ ሒሳብ ወደቀ። ከእናቱ ጋር በአንድ ኩባያ መጠጣት ተወ፤ እንደማይተላለፍ እያወቀ ማለት ነው። አንድ ቀን እናቱ «ልጄ ምን አስቀየምኩት?» ብላ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ምን እንደምላት ቸግሮኝ «ፈተና ነው» አልኳት። በኋላ ራሱ ነገራት። በ6 ሳምንቱ ነጌቲቭ፣ በ3 ወሩም ነጌቲቭ ሆነ። በ40ኛው ሰዓት ተናግሮ ቢሆን ኖሮም 28 ቀን ኪኒን መዋጥና ውጤት መጠበቅ አይቀርለትም ነበር። ግን የሚጠብቀው አንድ ነገር አድርጎ ነው፤ እጁን አጣጥፎ አይደለም።

ባለ ሱቁም አላባረረውም። አሁን የተወጋበት መርፌ የሚጣለው በወፍራም የዘይት ጀሪካን ነው፤ አንገቱን በጠባቡ የቆረጠው ልጁ ነው።

የክፍል ሥራ

1. ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አደጋ የደረሰበት ሰው 72 ሰዓቱ የሚያልቀው በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት ነው? 3ኛው ወር የሚሞላውስ መቼ ነው? በቀን መቁጠሪያ ሥሩት።

2. አንድ ጓደኛችሁ በአራተኛው ቀን መጥቶ ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ? «አልፏል» የሚለው መልስ ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው? (ስለ ምርመራው ቀኖችና ስለ ሄፓታይተስ ክትባት አስቡ።)

3. ዘበኛው እስኪጮኽ ያለውን ጊዜ በራሳችሁ ሌላ ምሳሌ ለታናሽ ወንድማችሁ አስረዱ።

4. ይኼኛው በእግር የሚሠራ ነው። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ በመቀነሱ በብዙ ቦታ የጤና አገልግሎት ተዛብቷል፤ አምና የነበረው ሁሉ ዘንድሮ በቦታው ላይኖር ይችላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በብሎካችሁ አቅራቢያ ወዳለው ክሊኒክ ሂዱና ፔፕ እዚያው ይሰጥ እንደሆነ፣ ከሌለም ወዴት እንደሚልኩ፣ ማታና እሑድ የሚያድር ተረኛ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ እስከ ዓርብ በሣጥኑ ክተቱልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ለብሎኩ ሁሉ እናወጣዋለን።